ከዚራ የቆመው «የ1944 ዊሊስ»፦ ልግዛው ወይስ ልተወው?

መነሻ ጽሑፍ

ባለፈው ቅዳሜ ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ፣ አንድ ግቢ ጥግ ከኒም ዛፍ ሥር፣ በአራት ድንጋይ ላይ የተቀመጠ አሮጌ ጂፕ አይቼ ልቤ እዚያው ቀረ። ባለቤቱ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። ጂፑን ከአባታቸው እንደወረሱት፣ ሊብሬው ላይ የሥሪት ዘመኑ 1944 ተብሎ እንደተጻፈ፣ ስለዚህም የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዊሊስ ኤምቢ እንደሆነ አጫወቱኝ። ዋጋውም በዚያው ልክ የተሰቀለ ነው፤ ቁጥሩን እዚህ የማልጽፈው ደላሎችም ይህን የኢንተርኔት መድረክ ስለሚያነቡ ነው። ቀለሙ ሦስት ጊዜ ተደራርቦ ተቀብቷል፤ ከሾፌሩ እግር ሥር ያለውን ላሜራ ዝገት በልቶታል። ኮፈኑ ሲከፈት ደግሞ የሚታየው የዊሊስ ሞተር ሳይሆን የቶዮታ ናፍጣ ሞተር ነው። የቀድሞው ሞተር ከጓዳው በስተጀርባ በማዳበሪያ ተሸፍኖ ተቀምጧል።

ለመድረኩ አዋቂዎች ሦስት ጥያቄ አቀረብኩ፤ ጂፑ በእርግጥ የተባለው ነው ወይ፣ የቶዮታውን ሞተር ልተወው ወይስ ነቅዬ የጥንቱን ላስነሣ፣ ከተሠራስ በኋላ የደንገጎን አቀበት ወጥቶ ሐረር ይደርሳል ወይ? አራት ፎቶግራፍም አያያዝኩ። በአምስት ቀን ውስጥ 29 ምላሾች ስለመጡ፣ ዘግይቶ ለሚመጣ ሰው እንዲረዳ ከዚህ በታች በቅደም ተከተላቸው በራሴ አነጋገር አስፍሬአቸዋለሁ። የሰዎቹን ቃል እንዳለ ያልገለበጥኩት አንዳንዱ ባይደገም የሚሻል ስለሆነ ነው።

ምላሾቹ

1ኛው መብሩክ ከማለት ያለፈ አልነበረም፤ ገና ሳልገዛ።

ነገሩን በቁም ነገር የጀመረው 2ኛው ነው። ጸሐፊው ሐረር ሸዋ በር አካባቢ የሚሠራ መካኒክ ሲሆን፣ ከሁሉ አስቀድሞ የፊቱን ፍርግርግ ቁም ክፍተቶች እንድቆጥር አሳሰበኝ። በጦርነቱ ጊዜ ከ1941 እስከ 1945 እ.ኤ.አ. የተሠሩት ዊሊስ ኤምቢና ወንድሙ ፎርድ ጂፒደብሊው ዘጠኝ ክፍተት ሲኖራቸው፣ ከጦርነቱ በኋላ ለገበሬና ለነጋዴ ተብለው የተሠሩት ሲጄዎች ግን ሰባት ብቻ እንዳላቸው አስረዳ። በሁለተኛው ፎቶግራፍ ላይ እርሱ የቆጠረው ሰባት ነው። በዚያ ላይ የጦርነቱ ጂፕ የኋላ በር የለውም፤ የእኔው ግን በሰንሰለት የሚንጠለጠል በር አለው። የጦርነቱ ጂፕ የፊት መብራቶች አነስተኛ ሆነው ከፍርግርጉ ወደ ውስጥ ገባ ያሉ ናቸው፤ ወደ ኋላ ተገልብጠው በጨለማ ሞተሩን እንዲያበሩም ተደርገው ተሠርተዋል። የእኔዎቹ ትላልቅና ከፊት ያሉ ናቸው። ይህን ሁሉ በጨዋ ቃል ጽፎ፣ ሻጩን ግን እንዳልቀየም ለመነኝ።

3ኛው ምላሽ መካኒኩን በአክብሮት ተቃወመ። በእኛ አገር በራሱ ቆዳ ውስጥ የቀረ ጂፕ ስለሌለ፣ ፍርግርግና የኋላ በር ማስረጃ ሊሆኑ አይችሉም ባይ ነው። ራሱ ከዓመታት በፊት የገዛው ጂፕ ፊቱ የሲጄ፣ ሻንሲው (ከሥር አካሉን የሚሸከመው ብረት) ግን የፎርድ ሆኖ እንደተገኘ ተረከ። የተለየውም በሁለት ነገር ነው፤ ከራዲያተሩ በታች ሁለቱን የሻንሲ ክንዶች የሚያገናኘው ብረት በዊሊሱ ክብ ቧንቧ ሲሆን በፎርዱ የተገለበጠ ገንዳ ይመስላል። በተጨማሪም ፎርድ በየቡሎኑ ራስ ላይ የስሙን የመጀመሪያ ፊደል ይቀርጽ ነበር። ስለዚህ ፊቱን ትቼ ሆዱን እንዳይ መከረኝ። ይህን ምክር እጅግ ወድጄዋለሁ።

4ኛው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ፤ ፓራብሬዛው አንድ መስታወት ነው ወይስ ሁለት? በ5ኛው እኔው መለስኩ። ከሰዓት በኋላ ሄጄ ሳይ መስታወቱ አንድ ወጥ ነው፤ ከሥሩ በኩል ለአየር ማስገቢያ የተሠራች ጠባብ ክዳን አለች፣ እርሷም በዝገት ተጣብቃለች። ከሻንሲው ፊት ያለውን ብረትም በእጄ ዳስሼ ክብ ቧንቧ አለመሆኑን አረጋግጫለሁ፤ የተቀረጸ ፊደል ያለው ቡሎን ግን አላገኘሁም።

በ6ኛው መካኒኩ ተመልሶ ጉዳዩ አለቀ አለ። አንድ ወጥ መስታወትና የአየር ክዳን ያለው፣ ፓራፋንጎው (የጎማው ክዳን) ጠፍጣፋ የሆነ ጂፕ ሲጄ 3ኤ ነው፤ ከ1949 እስከ 1953 እ.ኤ.አ. ከ131 ሺህ በላይ ተሠርቶ ወጥቷል። ከእርሱ በፊት የነበረው ሲጄ 2ኤ መስታወቱ ለሁለት የተከፈለ ነው። ሞተሩ ግን በጦርነቱ ጂፕ ውስጥ የነበረው ራሱ ነው፤ አራት ሲሊንደር፣ 2.2 ሊትር፣ 60 የፈረስ ጉልበት። እስከዚህ ድረስ መልካም ነበር። በመጨረሻው መስመር ግን ለስላሳነቱ ጠፍቶ፣ ሻጩ የዘመን ቁጥር አጭበርብረው ዋጋ የሚሰቅሉ ሰው እንደሆኑ ጻፈ። ክሩ፣ ማለትም የምላሾቹ ሰንሰለት፣ የተበጠበጠው ከዚህች መስመር የተነሣ ነው።

7ኛውን የጻፉት ከድሬዳዋው ሳቢያን ሰፈር የሆኑ አዛውንት ናቸው። የአባቱን ንብረት የሚሸጥን ሰው ሳያውቁ አጭበርባሪ ማለት ነውር መሆኑን በረዥሙ ገሠጹ። ቀጥለውም በድሬዳዋ የታየው የመጀመሪያው ጂፕ ጣሊያንን ካስወጡት እንግሊዞች ጋር የመጣ መሆኑን፣ ይህንንም በምድር ባቡር ይሠሩ ከነበሩት አባታቸው እንደሰሙ፣ ስለዚህ የጦርነት ጂፕ በከዚራ መገኘቱ ሊያስገርም እንደማይገባ ጻፉ።

የ8ኛው ጸሐፊ በዕድሜ ወጣት ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ለጋሼ የጻፈው መልስ ሰላምታ እንኳ የለውም። ሐረር ከጣሊያን እጅ የወጣችው መጋቢት 17 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ ድሬዳዋ ደግሞ ከሦስት ቀን በኋላ መሆኑን ጠቅሶ፣ የዊሊስ ኤምቢ ሥራ በኦሃዮ ቶሌዶ የተጀመረው ግን በዚያው ፈረንጅ ዓመት በኅዳር ወር ስለሆነ፣ ያልተወለደ መኪና ድሬዳዋን ሊያስለቅቅ አይችልም ብሎ ዘጋው። ቁጥሩ ትክክል ነው። አነጋገሩ ግን አይደለም።

አዛውንቱ በ9ኛው የመለሱት በእርጋታ ነው። ጂፑ በዚያች ቀን ገባ አላሉም፤ ከእንግሊዞች ጋር መጣ ነው ያሉት። እንግሊዞቹ ደግሞ በመጋቢት መጥተው በሚያዝያ የሄዱ እንግዶች አልነበሩም። በ1934ቱ የኢትዮጵያና የእንግሊዝ ስምምነት መሠረት ኦጋዴንንና የባቡሩን መስመር ይዘው የቆዩ፣ በ1937ቱ ሁለተኛ ስምምነት ከመስመሩ እስኪነሡ ድረስ ድሬዳዋ ላይ ያዝዙ የነበሩ ናቸው። በእነዚያ ሦስት ዓመታት ውስጥ ጂፕ አልገባም የሚል ካለ እርሱ ማስረጃ ያምጣ አሉ። ወጣቱ ለዚህ መልስ አልሰጠም፤ ከአንድ ቀን በኋላ ግን አመሰገኑ የሚለውን ምልክት መጫኑን አይቻለሁ።

10ኛው በሁለቱ መካከል ገብቶ፣ ኢትዮጵያና አሜሪካ በ1945 ዓ.ም. ወታደራዊ የእርዳታ ስምምነት ከተፈራረሙ በኋላ የመጡትን ጂፖች አስታወሰ። ልጅ ሆኖ ሐረር ውስጥ ያያቸው የነበሩት የጦር ጂፖች ኮፈናቸውና ፓራፋንጎአቸው ክብ ያለ፣ ኤም38ኤ1 የሚባሉት እንደነበሩ፣ የእኔው ጠፍጣፋ ስለሆነ ከሠራዊት ጨረታ የወጣ እንደማይመስለው፣ ይልቅ በጅቡቲ በኩል በባቡር ተጭኖ ለግለሰብ ወይም ለእርሻ ሥራ የገባ ሳይሆን እንደማይቀር ገመተ። ግምት ነው፤ ግን ከቅርጹ ጋር የሚስማማ ግምት ነው።

ከ11ኛው እስከ 13ኛው ያሉት ከመንገድ የወጡ ናቸው። አንዱ ስለ ጂፕ ከማውራት የሐረርን ሰማያዊና ነጭ ፔጆ 404 ታክሲዎች ማዳን ይበልጣል አለ። ሌላው ፔጆ 404 የሚድነው ባለቤቱ ሲፈልግ እንጂ እኛ ስንጽፍ አይደለም ብሎ ሸነቆጠው። ሦስተኛው የፔጆ ካምቢዮ የሚሸጥ ሰው ያውቅ እንደሆነ ከሁለቱ አንዱን ጠየቀ፤ አልተመለሰለትም።

14ኛው ምላሽ አራት መስመር ነው፤ ከሃያ ዘጠኙ ሁሉ የሚበልጥብኝም እርሱ ነው። ጸሐፊዋ አዲስ አበባ የምትኖር፣ ሒሳብ ሥራ ላይ የዋለች የድሬ ልጅ ናት። ስለ መኪና አንዳች እንደማታውቅ አስቀድማ ተናግራ፣ አንድ ነገር ግን ማንም እንዳልጠየቀ አስታወሰችን፤ ሊብሬው ላይ ያለው 1944 በማን አቆጣጠር ነው? በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆነ ከ1951 መስከረም እስከ 1952 መስከረም እ.ኤ.አ. ያለው ዓመት ነው፤ ያ ደግሞ መካኒኩ ከነገረን ከ1949 እስከ 1953 ካለው ዘመን መካከል ይወድቃል። እንግዲህ ሊብሬውም አልዋሸ፣ ሻጩም አላጭበረበሩ፣ ጂፑም የተባለው አይደለም።

ለጥቂት ሰዓት ክሩ ዝም አለ። እኔ ራሴ በየቀኑ ሁለት ቀን መቁጠሪያ እያገላበጥኩ ደመወዝ የምቀበል ሰው ሆኜ ሳለ፣ ሊብሬ ላይ ቁጥር ሳይ የፈረንጅ ነው ብዬ ማለፌ አሳፍሮኛል።

በ15ኛው መካኒኩ ሻጩን ስለ ወቀሰበት ቃል ይቅርታ ጠየቀ፤ ለጋሼም ለብቻው ሰላምታ ጨመረ። የ16ኛው ጸሐፊ ግን በቀላሉ አልተረታም። በአሁኑ ሊብሬ ላይ የሥሪት ዘመን የሚመዘገበው እንደ ፈረንጆች ነው ሲል ተከራከረ። 17ኛው የሰጠው መልስ ተገቢ ነው፤ አዲሱ ሊብሬ ከአሮጌው ፋይል የተገለበጠ ስለሆነ፣ የመዝገብ ቤቱ ጸሐፊ ከአሮጌው ወረቀት ላይ ያገኘውን 1944 ሳያሰላ ወደ አዲሱ ማሻገሩ የሚያስገርም አይደለም፤ ደግሞም ያ ዘመን መኪናው የተሠራበት ሳይሆን ለመጀመሪያ ጊዜ የተመዘገበበት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ማስረጃው ከሊብሬ ሳይሆን ከብረቱ ነው የሚገኘው። ሲጄ 3ኤ የሻንሲ ቁጥሩን የያዘች ትንሽ ሰሌዳ በሞተሩ ክፍልና በተሳፋሪው መካከል ባለው ግድግዳ ላይ፣ በቀኝ በኩል ተመትታበታለች። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከተሠራ ቁጥሩ በ4 ይጀምራል፣ እርሱም የሲሊንደሩ ብዛት ነው፤ ቀጥለው የሚመጡት ሁለት አኃዞች ዓመቱን ይናገራሉ። ቀለም ስለሚሸፍናት ብዙ ሰው አያያትም፤ በላምባና በእንጨት እንድጠርጋት፣ ብረት እንዳላስነካት አስጠነቀቀኝ።

ስለ ሞተሩ የተደረገው ክርክር ከ18ኛው ጀምሮ ነው፤ ጨዋነቱም እዚህ ላይ ተሟጠጠ። 18ኛው የቶዮታው ናፍጣ ሞተር እንዳለ ይቅር ባይ ነው፤ ለአቀበት ጉልበት አለው፣ መለዋወጫው እዚሁ ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ይገኛል፣ መካኒኩም በየመንገዱ ሞልቷል። 19ኛው በዊሊስ ኮፈን ሥር ቶዮታ የሚያስገባ ሰው ከመጀመሪያው ቶዮታ ይግዛ የሚል ነው፤ ከዚህ የከረረ ቃልም ጨምሮ ነበር፣ አስተዳዳሪው አነሣው። የ20ኛው ጸሐፊ ስድብ ትቶ ብረቱን አሰላ። የናፍጣው ሞተር ከጥንቱ ስለሚከብድ የፊቱ ባሌስትራ ይተኛል፤ ኃይሉን ወደ ፊትና ወደ ኋላ አክሰል የሚያከፋፍለው ሣጥን የተሠራው ለ60 ፈረስ ነው፤ ሞተሩና ካምቢዮው የተገጣጠሙበት ላሜራ በብየዳ ከሆነ የተሠራው ደግሞ ሁለቱ ዘንጎች በአንድ መስመር ላይ ስለማይውሉ ፍሪሲዮን ቶሎ ይበላል። ሄጄ አየሁት፤ በብየዳ ነው የተሠራው፣ የብየዳው ጠባሳም እንደ ጣት የወፈረ ነው።

21ኛዋ ጸሐፊ ሌላ ገጽ አሳየችን። ያ ሞተር የገባው ጂፑን ለማበላሸት ሳይሆን ለማኖር ነው። የዊሊስ ፒስተን ማግኘት በማይቻልበት ዘመን ባለቤቱ መኪናውን ከመጣል በእጃቸው የተገኘውን ሞተር ገጥመው አሠርተውበታል፤ ዛሬ እኛ በትርፍ ጊዜአችን የምንሳሳለት ጂፕ እስከ ዛሬ የቆየው በዚያ ሞተር ምክንያት ነው። እውነቷን ነው። ሆኖም እኔ የጥንቱን ማስነሣት እንደምፈልግ አልደብቅም፤ የናፍጣ ድምፅ ያለው ዊሊስ ላይ መቀመጥ ለእኔ በሰው ጫማ እንደ መሄድ ነው።

22ኛው ሁላችንንም ዝም አሰኘን። ጸሐፊው የተሽከርካሪ ስም ማዛወር ሥራን በቅርብ የሚያውቅ ሰው ነው። ሊብሬው ላይ የተጻፈው የሞተር ቁጥር የትኛው ነው ሲል ጠየቀ። የዊሊሱ ከሆነ፣ ቶዮታው ሳይመዘገብ የገባ ስለሆነ ስም ሲዛወር ምርመራው ላይ ይቆማል፤ የቶዮታው ከሆነ ደግሞ የዊሊሱን ስመልስ እኔው በተራዬ እንደገና ማስመዝገብ ይኖርብኛል። በሁለቱም መንገድ ሞተሩ የተገዛበት ደረሰኝ ያስፈልጋል። ስለዚህ ስለ ዋጋ ከመነጋገር በፊት ደረሰኙን እንድጠይቅ፣ ካልተገኘ ጂፑ የቱንም ያህል ቢያምር ገንዘብ እንዳላወጣ መከረኝ። ይህን ምክር ከመስማቴ በፊት ቀብድ ልከፍል አንድ ቀን ቀርቶኝ ነበር።

23ኛውን የጻፉት ጡረታ የወጡ የምድር ባቡር ሠራተኛ ናቸው። እድሜአቸውን በድሬዳዋ የባቡር ጋራዥ በቶርኖ (የብረት መቅረጫ ማሽን) ላይ አሳልፈዋል። በማዳበሪያ ስለተሸፈነው ሞተር ብዙ ጻፉ፤ እኔም ከሁሉ ረዝሞ ቢቀርብ የማይሰለቸኝ ይህ ነው። የዚህ ሞተር ቫልቮች ከላይ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ላይ ሳይሆኑ ከጎን ብሎኩ ውስጥ ናቸው። ስለዚህ ቴስታታው ቀላል ክዳን ብቻ ነው፤ ችግሩ ሁሉ ከታች ነው። ሞተር ሲግል ብሎኩ ከቫልቩ መቀመጫ ወደ ሲሊንደሩ የሚሰነጠቅ በመሆኑ፣ መጀመሪያ የሚታየው እዚያች ጣት የማታህል ድልድይ ላይ ነው። ካንዴላውን አውጥቼ በየሲሊንደሩ ናፍጣና የሞተር ዘይት ደባልቄ እንድሞላ፣ አንድ ሳምንት እንድተወው፣ ከዚያ ቮላኖውን፣ ከሞተሩ ኋላ ያለውን ከባድ ክብ ብረት፣ ይዤ በእጄ ወዲያና ወዲህ እንዳወዛውዘው አስተማሩኝ። ፒስተኑ የማይላቀቅ ከሆነ በመዶሻ የሚመታው ሰው ብሎኩን ገደለው ማለት ነው። የሲሊንደሩ ስፋት 79 ሚሊሜትር ከሩብ በላይ ስለሆነ፣ ግድግዳው ከተበላ ትንሽ ሰፋ ተደርጎ ተቆርጦ ትልቅ ፒስተን ይገባለታል።

ከዚያ ወደ ሌላ ነገር ተሻገሩ። ጂፑ የአሜሪካ ልጅ በመሆኑ ቡሎኑም ዳዶውም በኢንች ነው። የባቡሩ ጋራዥ ደግሞ የፈረንሳይ ልጅ ስለሆነ የሚቆርጠው ጥርስ በሚሊሜትር ነበር። ብዙ የድሬ ጂፖች ለጥገና ወደ ቶርኖ ቤት በመጡ ቁጥር የጠፋ ቡሎናቸው በሚሊሜትር እየተተካ ሄደ። እነዚህ ሁለቱ በመልክ ይመሳሰላሉ፤ ሁለት ዙር ይሄዱና ይጠብቃሉ። ጠበቀ ብሎ በቁልፍ የሚገፋ ሰው ጥርሱን ይገፈዋል። ስለዚህ አንድ ቡሎን ከመፈታቱ በፊት እንድለካው ነገሩኝ። ይህን ካነበብኩ በኋላ የኋላውን የግራ ባሌስትራ አንድ ቡሎን በካሊፐር ለካሁ፤ ቡሎኑ 12 ሚሊሜትር፣ ዳዶው የግማሽ ኢንች። መሃላቸው ላይ የተጠመጠመ የሸራ ክር ነበር።

24ኛው በዚሁ ተደግፎ የራሱን ጉድ ነገረን። ሳቢያን ውስጥ አንድ ጎሚስታ ዘንድ ጎማ ለማስለጠፍ ቢሄድ፣ ልጁ የግራውን ጎማ ዳዶ ለመፍታት በትልቅ ቱቦ አስረዝሞ ቢገፋ ሦስት ቡሎን ከሥሩ በጥሶበታል። የጂፑ የግራ ጎን ዳዶዎች በተቃራኒ ዙር የሚፈቱ መሆናቸውን ሁለቱም አያውቁም ነበር። ጎሚስታውም አልከፈለም፣ እርሱም አልጠየቀ፤ ሻይ ጠጥተው ተለያዩ።

25ኛው ከውጭ ለምን አታስመጡም የሚል ነበር፤ 26ኛው በሁለት ዓረፍተ ነገር መለሰለት። በ2012ቱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከሰባት ዓመት በላይ ያገለገለ መኪና እስከ 500 በመቶ ይቀረጣል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከልክሏል። መለዋወጫ ግን ሌላ ነገር ነው። የህንዱ ማሂንድራ የዚህን ጂፕ ታናሽ ወንድም በራሱ ስም እስከ 2010 እ.ኤ.አ. ሲሠራ ስለኖረ፣ የፍሬንና የካምቢዮ ዕቃ ከዚያ ፈልጎ ማግኘት ይቻላል ብሏል።

የደንገጎ ጥያቄዬን ሁሉ ረስተውት ነበር፤ ያስታወሰችልኝ 27ኛዋ ናት። ሐረር ነዋሪ ናት፤ ባሏ ሲጄ ነበረው። ድሬዳዋ በ1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቆላ ስትሆን ሐረር ወደ 1,900 ትጠጋለች፤ በመካከሉ ያለው አቀበት ደግሞ ከሐረርም ከፍ ይላል። አየሩ እየሳሳ ሲሄድ በየሺው ሜትር ከሞተሩ ጉልበት አንድ አሥረኛ ያህሉ ይጠፋል፤ ከ60 ፈረስ ላይ ሲቀነስ የሚቀረውን አስሉት። የሚያስፈራው ግን ይህ አይደለም አለች። ቀስ ያለ ሰው ይወጣዋል። የሚያስፈራው መውረዱ ነው። የዚህ ጂፕ ፍሬን አንድ መስመር ብቻ ነው፤ ከአራቱ ጎማ የአንዱ ቧንቧ ቢበሳ አራቱም ይጠፋሉ። የፍሬኑ ፖምፓ ከሾፌሩ እግር ሥር፣ ከወለሉ በታች ስለተቀመጠ፣ ወለሉ በዝገት የተበላ ጂፕ ፖምፓውም ጭቃና ውኃ ሲጠጣ የኖረ ነው። ባሏ በክረምት ሲወርድ የገጠመውንም ጨመረችልን። የዝናብ መጥረጊያው በኤሌክትሪክ ሳይሆን ከሞተሩ በሚመጣ የአየር ስበት የሚሠራ በመሆኑ፣ ቤንዚን ሲሰጠው መጥረጊያው ይቆማል፤ መንገዱን ለማየት እግሩን ማንሣት፣ ለመሄድ ደግሞ መጫን ነበረበት። እንዲህ ሲያነሣና ሲጫን ሐሮማያ ደርሶ አደረ።

28ኛው አቦ ግዛው ነው፤ ሌላ ቃል የለውም። 29ኛው ጂፑን ካልገዛሁት የኋላ በሩን ብቻ ይሸጡልኝ እንደሆነ ሻጩን እንድጠይቅለት የሚለምን ነው።

ከክሩ በኋላ

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ላምባ፣ ጨርቅና የተሳለ የቀርከሃ ቁራጭ ይዤ ተመለስኩ። ሰሌዳዋ በተባለው ቦታ ነበረች። መጀመሪያ የጡብ ቀለም፣ ከሥሩ ክሬም፣ ከዚያ በታች አረንጓዴ ተላጠ። ከዚያ 451 የሚለው ወጣ፤ ቀጥሎ ሁለት ፊደል፣ ከዚያ የቀሩት አኃዞች። የመጨረሻዎቹ አምስቱ ሊብሬው ላይ ካሉት ጋር አንድ ናቸው። ስለዚህ ጂፑ በ1951 እ.ኤ.አ. ተሠርቶ በእኛ 1944 የተመዘገበ ነው።

ይህን ለባለቤቱ ሳስረዳቸው አልተቆጡም። በጣታቸው ቆጠሩና፣ አባታቸው ጂፑን የገዙት ታላቅ እህታቸው በተወለዱበት ዓመት መሆኑን፣ እህታቸውም የ1944 ልጅ መሆናቸውን፣ ይህንንም ቤተሰቡ ሁሉ ሲያውቀው እንደኖረ ነገሩኝ። ጦርነቱን የጨመረው ደላላው ነው። ዋጋውን ቀነሱልኝ፤ የጠበቅሁትን ያህል ግን አይደለም።

ሊብሬው ላይ ያለው የሞተር ቁጥር የዊሊሱ ነው። የቶዮታው ደረሰኝ በአባታቸው የእንጨት ሣጥን ውስጥ ይኖር እንደሆነ እሑድ ከእህታቸው ጋር ሊፈልጉ ተቀጣጥረናል። የማዳበሪያው ሞተርም ናፍጣውን ጠጥቶ ቀኑን እየቆጠረ ነው፤ ከአራቱ ሲሊንደሮች ሦስቱ እንደሞሉ ናቸው፣ የአራተኛው ግን በአንድ ሌሊት ጎድሎ አድሯል። ጋሼ የቶርኖው፣ ይህን ካነበቡ ስንጥቅ ነው ወይስ የተጣበቀ ቀለበት እንደሆነ ቢነግሩኝ እወዳለሁ።